የመልክዓ ምድር መረጃ ሥርዓት ትምህርት በዩኒቨርሲቲ፤ ከየት እንጀምር?

(ለእርዳታና ለማቋቋሚያ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ድርቅ በደረሰ ቁጥር በየጽሕፈት ቤታችን የሚነሡት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው። ዝናቡ የቀረው የት ነው? በዚያ አካባቢ ስንት ሕዝብ ይኖራል? የጭነት መኪና እስከምን ድረስ ይዘልቃል? ውሃ በምን ያህል ርቀት ይገኛል? ለእያንዳንዱ መልስ የሚሆን ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ አይታጣም። ችግሩ የዝናቡ መዝገብ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ የሕዝቡ ቁጥር በሌላው፣ የመንገዱ ካርታ በሦስተኛው መቀመጡ ነው። በተለምዶ ጂ.አይ.ኤስ. የሚባለው የመልክዓ ምድር መረጃ ሥርዓት እነዚህን ሁሉ በቦታቸው አስተሳስሮ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ለማየት የሚያስችል ዘዴ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሮጀር ቶምሊንሰን በካናዳ ይህን ሥርዓት ሲያቋቁሙ ዓላማቸው የሰፊው አገር መሬት ለየትኛው አገልግሎት እንደሚስማማ መመዝገብ ነበር። ጥያቄው ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በተካሄደው ሰፈራ ከ500,000 የሚበልጥ ሕዝብ ሲጓጓዝ፣ ብዙዎቹ ጣቢያዎች የአፈሩ፣ የውሃውና የበሽታው ሁኔታ በሚገባ ሳይጠና በጥድፊያ የተመረጡ ነበሩ። የጥድፊያውን ዕዳ የከፈሉት ሰፋሪውና ቀድሞ በስፍራው ይኖር የነበረው ሕዝብ ናቸው።

ታዲያ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከየት ይጀምር? ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠየቀው የመሣሪያ ግዥ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ዋነኛው መሰናክል መሣሪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ኪው.ጂ.አይ.ኤስ. ያለ ክፍያ ይገኛል። ከ1972 ጀምሮ የተሰበሰበው የላንድሳት ሳተላይት ምስል ከ2008 ወዲህ ለሁሉም በነፃ ክፍት ሆኗል። ከ1981 አንሥቶ ያለውን የዝናብ ግምት የያዘው ቺርፕስም እንዲሁ። የሚያንሰን መረጃውን ከመቀበሉ በፊት የሚመረምር ባለሙያ ነው።

ስለዚህ ተማሪው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ሁለት ነገሮችን በእጁ ሠርቶ ሊያውቅ ይገባል።

አንደኛው የቦታ ልኬት ነው። ነባሮቹ የአገራችን 1:50,000 ካርታዎች አዲንዳን በተባለው መነሻ የተሠሩ ሲሆን፣ የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 ነው። ልዩነቱ ሳይስተካከል ቢደረቡ ነጥቡ ከ100 ሜትር በላይ ይሸሻል፤ ከወንዙ ወዲህ ያለው የውሃ ጉድጓድ ከወንዙ ማዶ ሊታይ ይችላል። እንዲሁም አገሪቱ በ36፣ በ37 እና በ38 የዩ.ቲ.ኤም. ዞኖች ላይ ያረፈች በመሆኗ፣ ዞኑ ያልተጻፈበት ቁጥር አያስተማምንም።

ሁለተኛው ስም ነው። አንዱ ቀበሌ በሁለት መዝገብ በሁለት አጻጻፍ ይገኛል፤ አንዱ ስም በተለያዩ ወረዳዎች ይደጋገማል፤ የወረዳ ወሰንም ይለወጣል። መለያ ቁጥርና የወሰኑ ዓመት ካልተመዘገቡ የአንዱ ቀበሌ ተረጂ በሌላው ላይ ይቆጠራል። በቀለም ያማረ ካርታ ቢሳሳትም ስለሚታመን እህሉ ወደ ተሳሳተው ቦታ ይጫናል።

ከዚህ በኋላ ተማሪው ካርታውን ይዞ ወደ ወረዳው ይውረድ። በካርታው ላይ ያለው ምንጭ በበጋ ይደርቅ እንደሆነ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ናቸው። መንገዱ በክረምት እንደሚቆረጥም የአገሩ ሽማግሌ ይነግረዋል።

በመጨረሻ የማሳስበው ለእናንተ ነው። ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ይህን ሥራ አይወጣውም። የየመሥሪያ ቤታችሁን መዝገብ ክፈቱልን፤ ተማሪዎቻችንንም ለልምምድ ተቀበሉ። በአንድ ወረዳ እንጀምር፤ ያንን በትክክል ከሠራን ወደ ሌላው እንሸጋገራለን። ካርታው መዘጋጀት ያለበትም ድርቁ ከመድረሱ በፊት ነው።