የፓምፑን ሳጥን ከእርጥበት እንጠብቅ

በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ፣ ታኮማ ፓርክ፣ ሜሪላንድ የቀረበ ንግግር



በደብረ ብርሃን ዙሪያ ለሚቆፈረው ጉድጓድ የሶላር ፓምፕ ለመግዛት ገንዘብ እያዋጣን ነው። በሙያዬ ኤሌክትሪሺያን ነኝና፣ ከደጅ ስለሚሰቀለው የመቆጣጠሪያ ሳጥን ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ። እርጥበት ገብቶ የሽቦ መጋጠሚያዎቹ ከዛጉ፣ ፓምፑ ደህና ሆኖ ሳለ ውሃው ይቆማል፤ እናቶቻችንም ጀሪካን ተሸክመው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ።

ብዙ ሰው «በሲሊኮን ድፍን ማድረግ ነው» ይላል። ነገር ግን ውሃ በዝናብ ብቻ አይገባም፤ በአየርም ይገባል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ እስከ 23 ግራም ገደማ የውሃ ተን ይይዛል፤ በ5 ዲግሪ ግን 7 ግራም ገደማ ብቻ ነው። የተረፈው ጠብታ ይሆናል። የአገራችንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ ነው። ሳጥኑ ቀን ሲሞቅ አየር ያስወጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከውጭ ይስባል። በተለይ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና ሳይደርቅ፣ ጠዋት ጠዋት ውስጡ ያልበዋል። «አይ ፒ 65» የተባለ ሳጥን አቧራንና የሚረጭ ውሃን ይከላከላል እንጂ ይህን ላብ አያስቀርም። እዚህ ከቤት ውጭ የሚሰቀሉ ብዙ ሳጥኖች ከሥራቸው የውሃ መውጫ ቀዳዳ ያላቸውም ውሃ መግባቱ ስለማይቀር ነው።

ስለዚህ ሥራውን ለሚይዘው ባለሙያ እነዚህን እናሳስብ፦

1. ሳጥኑ ጥላ ባለበት ይሰቀል። ኬብል ከላይ ሳይሆን ከሥር፣ በልኩ በተገዛ ግላንድ ይግባ።
2. ኬብሉ ከመግባቱ በፊት ከመግቢያው ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፤ ዝናቡ እዚያው ይንጠባጠባል።
3. ከመሬት የሚወጣው የኬብል ቱቦ አፉ ይደፈን፤ እርጥብ አየር በእሱ ሽቅብ ይመጣል።
4. አየር የሚያስተነፍስ፣ ውሃ ግን የማያስገባ ቡሽ ከሥሩ ይገጠም። ዝም ብሎ መብሳት አቧራና ጉንዳን መጋበዝ ነው።
5. ጉድጓድ ውስጥ የሚወርድ የኬብል ቅጥያ በናስትሮ ብቻ አይጠቅለል፤ በሙቀት የሚኮማተር ባለ ሙጫ ሽፋን ይደረግለት።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እነዚህ ጥቃቅን ዕቃዎች ከፓምፑ ጋር በበጀቱ ይያዙ። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ከሰኔ በፊትና ከመስከረም በኋላ ሳጥኑን ከፍቶ ለሚያይ ባለሙያ አበል እንመድብ። የግድ ባለሙያ ይሁን፤ ማብሪያ ማጥፊያው ቢጠፋም፣ ፀሐይ እስካለች ድረስ ከፓነሉ እስከ ማጥፊያው ያለው መስመር ኃይል አለው።

ጉድጓድ ማስቆፈር አንድ ጊዜ ነው፤ ውሃው እንዳይቆም መጠበቅ ግን የየዓመቱ ሥራችን ነው።