የሌንስ ቀዳዳ ቁጥሮችና የቤት ውስጥ ፈተናቸው

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ተራራውን አስበስቶ በሠራው ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ከዋሻው ጨለማ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለት ብቅ ሲል የዓይኑ ብሌን ማንም ሳያዘው ጠብቦ ብርሃኑን ይመጥናል። የካሜራችን ሌንስ ግን የሚታዘዘው ለቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመንና በቤታችን እንዴት ልንመረምረው እንደምንችል ዛሬ ላስረዳ እወዳለሁ።

ጉዳዩ የሥራ ፈት ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ አንድ ነገር ያስብ። ከደሴ የሚመለስ ቤተሰብ ጣርማ በር ላይ መኪናውን አቁሞ፣ «እስቲ ከነልጆቼ፣ ከነቆላው አንሣን» ይለናል። ልጆቹ በአምስት ሜትር ርቀት ቆመዋል፤ ከበስተኋላቸው የይፋት ቆላ እስከ አድማስ ተዘርግቷል። ጉም ከገደሉ ሥር እየወጣ ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቆላው አይታይም። ቤተሰቡም ተመልሶ አይመጣም። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ እንዲወጣ ቀለበቱን እስከ 22 እናጠባለን። ልማዱ ትክክል መሆኑን ግን ስንቶቻችን ፈትነናል?

ቁጥሩ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ለቀዳዳው ስፋት ተካፍሎ የሚገኝ ነው። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ 2 ማለት 25 ሚሊሜትር፣ 8 ማለት ከ6 ሚሊሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ 16 ማለት 3 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ ነው። ሌንሱን ከካሜራው ነቅሎ ወደ ብርሃን አቅንቶ በመያዝ፣ ራቅ ብሎ በአንድ ዓይን ከፊት ለፊት እያዩ በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ልኬቱ ሻካራ ነው፤ ሆኖም አንድ ቁም ነገር ያስተምራል። በ2 ላይ ቀዳዳው በግማሽ ሚሊሜትር ቢጠብ የሚጎድለው ብርሃን ከመቶ 4 ያህል ነው። ያው ግማሽ ሚሊሜትር በ16 ላይ ቢጎድል ግን ወደ ሲሶ የሚጠጋ ብርሃን ይሄዳል። እንግዲህ የበለጠ ልንጠረጥራቸው የሚገባ ጠባቦቹን ቀዳዳዎች ነው።

ሁለተኛው ፈተና ነጭ ግድግዳ ይፈልጋል። ግድግዳው ጥላ ውስጥ ይሁን፤ ቀኑም ደመና የሌለበት የጥቅምት ወይም የኅዳር ቀን ቢሆን ይመረጣል። የኤሌክትሪክ አምፖል አልመክርም፤ የከተሞቻችን መብራት እንደሚዋዥቅ ሁላችንም እናውቃለን። በ2 እና በሰከንድ አንድ አምስት መቶኛ ተነሥቶ፣ ቀዳዳውን አንድ ደረጃ ባጠበቡ ቁጥር ጊዜውን በእጥፍ እያረዘሙ እስከ 16 እና እስከ ሰከንድ አንድ ስምንተኛ መውረድ ነው። ሰባቱም ሥዕሎች አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው መውጣት አለባቸው። አንዱ ከጠቆረ ወይም ከነጣ ጥፋቱ የቀዳዳው ይሁን የመዝጊያው ለመለየት፣ ሌላ ሌንስ ገጥሞ በእነዚያው ጊዜያት መድገም ይበቃል። ጉድለቱ ሌንሱን ተከትሎ ከሄደ የቀዳዳው ነው፤ ከካሜራው ጋር ከቀረ የመዝጊያው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረን ሦስተኛው ፈተና ነው። አንድ ሙሉ ገጽ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ካሜራውን በማቆሚያ አጽንቶ፣ በየቁጥሩ እያነሡ ፊደሎቹን በማጉያ መነጽር ማስተያየት ነው። በ2 መካከሉ ቢነበብም ጠርዙ ይፈዝዛል። ብዙውን ጊዜ በ5.6 እና በ8 ገጹ ከዳር እስከ ዳር ይጠራል። በ22 ግን መካከሉም ጭምር መለስለስ ይጀምራል። ምክንያቱ የሠሪው ስንፍና አይደለም፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል። አንዲት የብርሃን ነጥብ በ8 ላይ በፊልሙ የምትይዘው ስፋት 0.01 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ በ22 ወደ 0.03 ሚሊሜትር ያድጋል። ይህን የትኛውም ውድ ሌንስ አያስቀረውም።

ወደ ጣርማ በሩ ቤተሰብ እንመለስ። በ35 ሚሊሜትር ፊልም፣ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ቀዳዳው 11 ላይ ሆኖ ጥራቱ በ7 ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ቢስተካከል፣ ከ4 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ በተለመደው መጠን ለሚታተም ሥዕል በቂ ጥራት ይኖረዋል። ልጆቹም ቆላውም ተገኙ ማለት ነው። ከ22 ጋር ሲነጻጸር የመዝጊያው ጊዜ በአራት እጥፍ ስለሚያጥር፣ በዚያ ነፋስ ነጠላው ሲውለበለብ እንዳይደበዝዝ ይረዳል።

ስለ አየሩም ጥቂት ልጨምር። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ብርዳም ቦታ ነው። ሸዋ ሮቢት ግን ከ1,300 ሜትር ብዙም የማይርቅ ሞቃት ቆላ ነው። በሙቀት፣ ይልቁንም በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ የሌንሱ ቅባት ቀጥኖ ቀዳዳውን ወደሚያጠብቡት ስስ የብረት ቅጠሎች ይፈስሳል። ብርድ ሲመጣ ቅባቱ ይወፍራል፤ ቅጠሎቹም ተጣብቀው በጊዜ አይደርሱም፤ ሥዕሉም በብርሃን ብዛት ይነጣል። ስለዚህ የግድግዳውን ፈተና በ16 ላይ ብቻ ደጋግሞ፣ ዐሥር ጊዜ ያህል ማንሣት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ከቀሩት ይልቅ ከነጣ ቅጠሎቹ ተጣብቀው ነበር። እንዲህ ያለው ሌንስ ለባለሙያ ተሰጥቶ ይጸዳ እንጂ ዘይት አይጨመርበት፤ ቅጠሎቹ የሚሠሩት ደረቅ ሆነው ነው።