ለአሽከርካሪ ሥልጠና የሚሆን የሲሙሌተር ስክሪን አመራረጥ
(ለአሽከርካሪ አሠልጣኞች ማኅበር አባላት በድሬዳዋ የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለአንዳንዶቻችን የልጆች ጨዋታ መስሎ ይታይ ይሆናል። በመኪና ውድድር ጨዋታ መልክ የምናውቀው ሲሙሌተር፣ ማለትም የመንዳት ማስመሰያ መሣሪያ፣ ለእውነተኛው አሽከርካሪ ምን ይፈይዳል የሚል ጥያቄ ቢነሣ አያስደንቅም። ሆኖም ሉካስ ኦርዶኜስ የተባለው እስፓኛዊ ወጣት በዚሁ ጨዋታ ተወዳድሮ ከተመረጠ በኋላ እውነተኛ መኪና ለመንዳት በቅቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ከባልደረቦቹ ጋር በምድቡ ሁለተኛ ወጥቷል። ከዚያም እጅግ አስቀድሞ አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1929 ከአባቱ የኦርጋን ፋብሪካ በቀሰመው የወናፍ ጥበብ የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ሠርቶ ነበር። የሊንክ ሣጥን የውጭ ትርኢት አልነበረውም፤ አብራሪው በደመና ውስጥ በመለኪያ ብቻ መብረርን ይማርበት ነበርና አላስፈለገውም። የእኛ ሠልጣኝ ግን የሚነዳው በዓይኑ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ስንገዛ ከመሪውና ከፍሬኑ አስቀድመን ስለ ስክሪኑ ልናስብ ይገባል እላለሁ።

ሠልጣኞቻችን የሚነዱበትን ሥፍራ እናስብ። በከዚራ መንገዱ ቀጥ ያለና ጥላ ያለው ነው፤ ባጃጁ ግን ከጎን፣ ከዛፍ ግንድ ኋላ ይመጣል። ደቻቱን ተሻግረን መጋላ ስንገባ እግረኛው ከመኪናው አፍንጫ ሥር ብቅ ይላል። ወደ ደንገጎ ስንወጣ ደግሞ ሁሉም ይለወጣል። በዚያ ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ጥሩ አሽከርካሪ ዓይኑን የሚጥለው በኩርባው መውጫ ላይ ነው፤ መውጫውም ብዙ ጊዜ የሚታየው በጎን መስኮት በኩል ነው። ተሳቢ የሚጎትት ካሚዮን ቁልቁል ሲመጣ ቦታ ለመልቀቅ ፋታ የሚያገኘው አስቀድሞ ያየው ብቻ ነው። ፊት ለፊት ብቻ በሚያሳይ ስክሪን የተለማመደ ሠልጣኝ አንገቱን ማዞር አለመማሩ ሳያንስ፣ አለማዞርን ልማድ አድርጎ ይዞ ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ትልቅ ቴሌቪዥን በመግዛት ችግሩ የሚፈታ ይመስላቸዋል። ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። 55 ኢንች የሆነ ስክሪን ወርዱ 122 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከሠልጣኙ ዓይን በ2 ሜትር ርቀት ቢቀመጥ የሚሸፍነው 34 ዲግሪ ብቻ ነው። ባለ 32 ኢንቹ ወርዱ 71 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ በ70 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢተከል 54 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ትንሹ ትልቁን በለጠው ማለት ነው። የሁለቱ ዓይኖቻችን እይታ 180 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ስናስታውስ፣ ሦስት ባለ 32 ኢንቾች በሠልጣኙ ዙሪያ እንደ ቅስት ቢተከሉ 160 ዲግሪ ያህል ስለሚሰጡ የጎን መስኮቱም ስፖኪዮውም በየቦታቸው ይገኛሉ።

አንዳንድ ሻጮች ስክሪን ሳይጨምሩ በፕሮግራሙ ውስጥ የእይታውን ስፋት ከፍ በማድረግ ሰፊ ነው ይላሉ። ይህ ሠልጣኙን ማታለል ነው። ሰፊው ትርኢት በጠባብ መስኮት ሲጨመቅ ከፊት ያለው መኪና አንሶ፣ ከእውነቱ ይልቅ ርቆ ይታያል። ፍሬን የሚያዝበትን ቦታ በዚህ ዓይን የለመደ ሰው ወደ ቁልቁለቱ ሲወጣ ምን እንደሚደርስበት ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

በዓይን ላይ የሚታሰረው መነጽርም ተከራካሪ አለው። አንገት በዞረበት ሁሉ ትርኢት ስለሚሰጥና ጥልቀትን ስለሚያሳይ፣ ለማቆምና ወደ ኋላ ለመንዳት ልምምድ እኔም እመርጠዋለሁ። ነገር ግን ሠልጣኙ የገዛ እጁንና ማርሹን አያይበትም፤ አሠልጣኙም የሠልጣኙን ዓይን መከታተል ይቸገራል። በብዙዎችም ላይ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያስከትላል። በድሬዳዋ ሙቀት አንዱ በላቡ አርሶት ያወለቀውን ሌላው ወዲያው እንዲያጠልቀው መጠየቅም ቀላል ነገር አይደለም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአዲስ አበባ ለአብራሪዎቹ የሚጠቀምባቸው ሲሙሌተሮች ትርኢቱን በጎባጣ መስታወት አንጸባርቀው ከሩቅ የመጣ ያስመስሉታል። እጅግ ያማረ ዘዴ ነው፤ ዋጋው ግን ከእኛ አቅም በላይ ነው። ስለዚህ ገንዘባችን ጥቂት ከሆነ የሥዕሉ ጥራት መጠነኛ ይሁን፤ ስፋቱና ልኩ ግን አይጓደል።

መሣሪያውን ስትረከቡ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የስክሪኑ መሐል ከሠልጣኙ ዓይን ቁመት ጋር መስተካከሉን ተመልከቱ፤ ለካሚዮን ሥልጠና ከሆነ ትርኢቱ ከካሚዮን ወንበር ከፍታ የሚታይ ይሁን። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን በቀኝ የምትነዳ ስለሆነች ፕሮግራሙ መሪውን በግራ፣ መንገዱን በቀኝ ማድረጉን አረጋግጡ። ቀጥሎ መሪውን በድንገት አዙሩና ሥዕሉ ዘግይቶ መከተል አለመከተሉን እዩ፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ውስጥ 1.7 ሜትር ያህል ይሄዳልና። በመጨረሻም ሠልጣኙን አስቀምጣችሁ ወደ ግራ በሚታጠፍ ጠባብ ኩርባ አስገቡት። መውጫውን ለማየት አንገቱን ካዞረና ከፈለገው ቦታ ካገኘው ተረከቡ፤ ዓይኑ ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ ቆሞ ከቀረ ግን ፊርማችሁን አዘግዩ።