ከርስት ዐፈር ውስጥ ስለሚገኝ የጥንት ገንዘብ



የቀድሞ ሰዎች ገንዘባቸውን በዐፈር ውስጥ ይቀብሩ የነበረው ሌላ የሚታመን ማኖሪያ ስላልነበራቸው ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ባንክ፣ የሐበሻ ባንክ የተባለው፣ ሥራውን የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ነው፤ በዚህ ንግግር የሚጠሩትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ በፊት የባላገሩ ሣጥን ማሰሮ ነበረ። ጦር በመጣ ጊዜ፣ ሽፍታም በበረታ ጊዜ ባለቤቱ ሌሊት ተነሥቶ ከምድጃው ሥር ወይም ከዛፉ ግርጌ ይቀብረዋል፤ ለልጆቹ ሳይናገር የሞተ እንደ ሆነ ገንዘቡ ከዐፈር ጋር ይቀራል።

ዛሬ ደግሞ በምድር ውስጥ ያለውን ብረት የሚጠቁም መሣሪያ እንደ ማናቸውም ዕቃ በገበያ ይሸጣል። ስለዚህ ብዙ ልጆች የአያታቸውን ግቢ ለመመርመር ይመኛሉ። ምኞቱ ነውር የለበትም። ነገር ግን አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው ነገር አለ፤ እርሱም የጥንት ገንዘብ ግማሽ ዋጋው በብረቱ፣ ግማሽ ዋጋው ደግሞ ተቀብሮ በተገኘበት ስፍራ መሆኑ ነው። ብረቱን አውጥቶ ስፍራውን ያፈረሰ ሰው ግማሹን በገዛ እጁ አጠፋ።

መሣሪያው የሚሠራው እንዲህ ነው። በዘንጉ ጫፍ ያለው ክብ የሽቦ ጥቅል በኤሌክትሪክ ኃይል በዙሪያው የማግኔት ኃይል ያስነሣል፤ ይህ ኃይል በዐፈር ውስጥ ያለ ብረት በነካ ጊዜ በብረቱ ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይነሣበታል፤ መሣሪያውም ለውጡን ተቀብሎ በጆሮ ድምፅ ያሰማል። እንግዲህ የሚናገረው ብረት መኖሩን እንጂ የብረቱን ታሪክ አይደለም። ለወርቅም፣ ለቆርቆሮም፣ ለዛገ ሚስማርም ይጮኻል። ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ፤ በ1942 በኤል አላሜይን ጦርነት ወታደሮች የተቀበረ ፈንጂ የፈለጉት በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነበር። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ምድር ያልፈነዳ መሣሪያ ትቶ አልፏል። በእነዚህ አገሮች ድምፅ ሰምቶ ዶማ የሚያነሣ ሰው ገንዘብ እፈልጋለሁ ሲል ነፍሱን እንዳያጣ ይጠንቀቅ።

ስፍራን መጠበቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም በእንግሊዝ አገር የሆነ አንድ ነገር ያስረዳል። በ1992 በኅዳር ወር፣ በሰፎክ አውራጃ ሆክስን በምትባል መንደር፣ አንድ ገበሬ መዶሻው በእርሻው ውስጥ ጠፋበትና ወዳጁን በመሣሪያው እንዲፈልግለት ለመነው። ወዳጁም መዶሻውን ሲፈልግ የብር ማንኪያ፣ የወርቅ ጌጥና ብዙ ገንዘብ አገኘ። ጥቂቱን ካወጣ በኋላ ግን ሁሉን ቆፍሮ አልጨረሰም፤ ቁፋሮውን ትቶ ለመሬቱ ባለቤትና ለፖሊስ አስታወቀ። በማግሥቱም የጥንት ዕቃ የሚመረምሩ ሊቃውንት መጥተው የቀረውን በሥርዓቱ አወጡት። የገንዘቡ ቍጥር 14,865 ሆነ፤ ከዚህም ሌላ ሁለት መቶ ያህል የወርቅና የብር ዕቃ ነበረ።

ሊቃውንቱ ዕቃውን እንዳለ በስፍራው ስላገኙት ገንዘቡ በእንጨት ሣጥን ውስጥ እንደ ነበረ፣ በውስጡም ትንንሽ ሣጥኖች እንደ ነበሩ፣ ዕቃውም በየዓይነቱ ተለይቶ እንደ ተቀመጠ ለማወቅ ቻሉ። ከመጨረሻዎቹ ገንዘቦችም ሣጥኑ የተቀበረው ከ407 ዓመት በኋላ፣ የሮም መንግሥት ብሪታንያን በለቀቀበት ዘመን መሆኑን ተረዱ። ለግኝቱ የተከፈለው 1,750,000 ፓውንድ ነው፤ ፈላጊውም ድርሻውን ለገበሬው አካፈለ። መዶሻውም ተገኝቶ ከዕቃው ጋር ወደ ብሪታንያ ሙዚየም ገባ። ያ ሰው በስስት ሌሊቱን ቆፍሮ ቢሆን ኖሮ ወርቁ ይወጣ ነበር፤ ታሪኩ ግን ከዐፈሩ ጋር በተበተነ ነበር።

የኢትዮጵያም ምድር እንዲህ ያለ መዝገብ አለባት። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ ያሳትሙ ነበር። በብዙው ወርቅ ላይ የንጉሡ መልክ በሁለት የእህል ዛላ መካከል ይታያል። በንጉሥ ዒዛና ዘመን ከንጉሡ ራስ በላይ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት ተለውጦ መስቀል ገባ፤ ስለዚህ የአገሪቱ ሃይማኖት መለወጥ ጣት በምታህል ወርቅ ላይ ተጽፎ ይነበባል። በአንዳንዱ መዳብ ላይ ደግሞ ይህ ነገር አገርን ደስ ያሰኝ ዘንድ የሚል ምኞት በጽርእ ቋንቋ ተቀርጿል። ይህም ገንዘብ በአክሱም ዙሪያ ከዝናም በኋላና በእርሻ ጊዜ ከገበሬው ማረሻ ሥር ይወጣል።

ይህ ገንዘብ ስፍራው ሲታወቅ ከአገርም ውጭ ይናገራል። በ1977 በየመን አል ማድሃሪባ በተባለ ስፍራ 1,194 የወርቅ ገንዘብ ተገኘ፤ ከእነዚህም 868ቱ የአክሱም፣ የቀሩትም የሮም ናቸው። ይህ ወርቅ ከየት እንደ ወጣ ባይታወቅ ኖሮ ተራ ወርቅ ይሆን ነበር። ከባሕር ማዶ በአንድ ስፍራ መገኘቱ ግን አክሱም በዚያ አገር የነበራትን ኃይል ይመሰክራል። እንዲሁም በ1940 በደብረ ዳሞ ገዳም ከመቶ በላይ የወርቅ ገንዘብ ተገኝቶ ነበር፤ ይህም በህንድ ወገን ነግሠው የነበሩ የኩሻን ነገሥታት ገንዘብ ነው። በሌላ ስፍራ ተሸጦ ቢታይ የህንድ ወርቅ ብቻ በተባለ ነበር፤ በደብረ ዳሞ በመገኘቱ ግን የጥንቱን የባሕር ንግድ ያሳያል።

ይህ ነገር የነገሥታት ወርቅ ላልተቀበረበት ተራ ግቢም ይሠራል። ብዙ ቤተ ሰብ የሚያገኘው ጠገራ ብር፣ ማለት የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። ንግሥቲቱ በ1780 ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ የታተመው ብር ሁሉ ይህንኑ ዓመት እንደ ያዘ ይወጣል። ስለዚህ 1780 የሚል ብር ከማሰሮ ቢወጣ ማሰሮው መቼ እንደ ተቀበረ ብሩ ራሱ አይናገርም። ከጠገራው ጋር አንድ የምኒልክ ብር ቢገኝ ግን ማሰሮው ከ1894 በፊት እንዳልተቀበረ ይታወቃል፤ የምኒልክ ብር መታተም የጀመረው በዚያ ዓመት ነውና። እንግዲህ ልጆቹ ብሩን ተካፍለው አንዱ ቢሸጥ፣ አንዱ ቢያቀልጥ፣ አንዱም ለጌጥ ቢበሳ፣ አያታቸው በየትኛው ዘመን፣ ከየትኛው መከራ የተነሣ እንደ ቀበረው የሚናገር ምስክር ይጠፋል። ብዙ ጊዜም ወንድማማች የሚጣላው በብሩ ብዛት ሳይሆን በስውር በመቆፈሩ ነው።

ስለዚህ በቤተ ሰብ ርስት ላይ መፈለግ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ሽማግሌዎችን ይጠይቅ፤ የአሮጌዋ እናት ቃል ከመሣሪያው ድምፅ ይበልጣል። ወንድምና እኅት ሁሉ ሳያውቁ አይጀምር። በወንጌል ምሳሌ በእርሻ የተሰወረውን መዝገብ ያገኘው ሰው እንኳ መጀመሪያ እርሻውን ገዛ እንጂ በባለቤቱ መሬት ላይ አልዘረፈም።

ሕጉም መታወቅ አለበት። በ2000፣ ማለት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቍጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ለማግኘት መቆፈርን ይከለክላል፤ በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰውም ለቅርስ መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቅ ያዝዛል። በእንግሊዝም በ1996 የወጣው የመዝገብ ሕግ ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል።

በእርሻ ወይም በመሠረት ቁፋሮ ጊዜ ገንዘብ ብቅ ያለ እንደ ሆነ ሥራውን ማቆም፣ ስፍራውን ምልክት ማድረግ፣ ጥልቀቱንና አብሮት ያለውን ሸክላ፣ ከሰልና አጥንት ሳያንቀሳቅሱ መጻፍ ይገባል። ገንዘቡንም በአሸዋ፣ በሎሚ ወይም በሽቦ መፈተግ አይገባም፤ ከአክሱም መዳብ አንዳንዱ በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ በስሱ ወርቅ የተቀባ ነውና፣ ዝገቱን አጠራለሁ ያለ ሰው ወርቁን ያጠፋል።

የቀበረው ሰው ማሰሮውን ለምድር አደራ ሰጠ፤ ምድርም ብሩን ብቻ ሳይሆን ዘመኑንም ጠበቀችለት። ከእርሷ የሚረከበው ልጅ ሁለቱንም ሳያጎድል ይረከብ።