የጓሮአችን ጭቃ
(በእሁድ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የምናገረው ስለ ጓሮአችን ጭቃ ነው። አትሳቁ። ባለፈው ወር ልብስ ልታሰጣ የወጣች እህታችን ተንሸራታ ወድቃ እጇ ላይ አረፈችበት፤ ሁለት ሳምንት ሥራ አልገባችም። ፍሪላንስ ለምትሠራ ሰው ሁለት ሳምንት ማለት የቤት ኪራይ ማለት ነው፣ መቼም ታውቁታላችሁ።

ያኔ ብዙዎቻችሁ ሲሚንቶ ይፍሰስበት አላችሁ። እኔ አይሆንም ስል፣ እንግዲያውስ ምክንያትሽን ተናገሪ ተባልኩ።

ቤቱ የእኛ አይደለም። ሲሚንቶ ለማፍሰስ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቢፈቅድልን እንኳ ከዕቁባችን አውጥተን አፍስሰን፣ ኪራይ የጨመረብን ቀን ትተንለት እንሄዳለን። ደግሞ መሬቱን አይታችሁታል? ወደ በሩ ያዘነበለ ነው። አሁን አፈሩ የሚጠጣውን ውኃ ሲሚንቶው አይጠጣውም፤ የሚገባው የምንተኛበት ክፍል ነው።

እኔ የማስበው ተክል ዲኮንድራ ይባላል። ተራራው በኩል ባለ አንድ ቤት ስሠራ ነው የተዋወቅኩት፤ ያስተማሩኝ ሶርያዊ አትክልተኛ ሽማግሌ ነበሩ። ሳየው ሳቄ መጣ። እኛ ሰፈር የአይጥ ጆሮ የምንለውን ቁርጥ እሱን ይመስላል፤ ቅጠሉ ትንሽ፣ ክብ፣ ኩላሊት መሳይ። እዚያ እየረገጥነው የምናልፈውን እዚህ በገንዘብ ይገዙታል! መሬት ለመሬት ይሳባል፣ ቁመቱ ከአምስት ሳንቲ ብዙም አያልፍ። ግንዱ አፈር በነካበት ቦታ ሁሉ ሥር ያወጣል፤ አፈሩን ሸፍኖ የሚይዘው በዚህ ነው። ግማሽ ጥላ ይስማማዋል፣ እርጥበት ይወዳል።

እርጥበት ይወዳል ማለት ግን ኩሬ ይወዳል ማለት አይደለም። ውኃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከመትከላችን በፊት ክንድ የሚያህል ጉድጓድ እንቆፍርና ውኃ እንሙላበት። በማግስቱ ውኃው እዚያው ካለ፣ አፈር ጨምረን ቦታውን ከፍ ማድረግ አለብን። ኩሬውን ለወባ ትንኝም ስንል መድፈን ይኖርብናል፤ በሙቀት ጊዜ ውኃ አንድ ሳምንት ከተኛ ትንኝ ይፈለፈልበታል።

ከላይ የሚንጠባጠበው የኮንዲሽነር ውኃ ግን ሀብታችን ነው። ጨው የለበትም፣ ደግሞ የሚበዛው ዝናብ በሌለበት በበጋው ሙቀት ነው። ጠብታው አፈሩን እንዳይቦረቡር ከሥሩ ጠጠር እናደርግለታለን። አደራ የምላችሁ የእጥበት ውኃ ነው። ክሎር ያለበትን ውኃ ጓሮ የምትደፋ አለች፣ ስሟን አልጠራም። አንድ ባልዲ በረኪና የሦስት ወር ሥራችንን ይገድላል። ወደ ፍሳሹ ይደፋ።

አተካከሉ ቀላል ነው። መጋቢት ሲገባ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ አፈሩን አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረን እናላላለን። ሰርዶውን ከነሥሩ እንነቅላለን፤ ቁራጭ ከቀረች ተመልሳ ትመጣለች፣ ሰርዶን ለገበሬ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ከዚያ ሥር ያለውን ቁራጭ ከነአፈሩ፣ በስንዝር በስንዝር ርቀት እንተክላለን። የመጀመሪያውን ወር አፈሩ መድረቅ የለበትም። በሁለት ሦስት ወር ይገናኛል። እስኪገናኝ አረሙን በእጅ ነው የምንነቅለው። ለሣር መስክ ተብሎ የሚሸጠውን የአረም መድኃኒት እንዳትገዙ፤ ቅጠለ ሰፊውን ስለሚገድል ዲኮንድራውንም ያጠፋዋል። ቀንድ አውጣም ይበላዋል፤ ማታ ማታ በእጅ መልቀም ነው።

አንድ ነገር ላይ ሲሚንቶ ያላችሁት እውነት አላችሁ። ይህ ተክል ብዙ መረገጥ አይችልም። ከበሩ እስከ ልብስ ማስጫው በቀን ሃያ ጊዜ እንመላለሳለን፤ እዚያ ላይ አሮጌ ንጣፍ ድንጋይ እየዘለልን እንደረድርና ተክሉ በመሃል በመሃሉ ይግባ።

ናና ይሻላል ያላችሁም ነበራችሁ፣ ለሻይ። ናና እርጥበት ይወዳል፣ ግን ቁመቱ ይረዝማል፣ ሥሩም በምድር ውስጥ እየሄደ ሁሉን ይወርሳል። በጣሳ እንትከለው። ሊፒያ የሚባልም አለ፣ ፀሐይ የሚችል፣ ነገር ግን አበባው ንብ ይጠራል፤ ልጆቻችን ደግሞ ባዶ እግራቸውን ናቸው።

ተክሉን ከየት እናመጣለን? መሽተል የሚሉት የችግኝ መሸጫ ጋ ዘሩም ችግኙም አለ። ግን ከምሠራበት ቤት ማዳምን ጠይቄ አንድ ካርቶን ውሰጂ ብላኛለች። ጠይቄ ነው የምላችሁ። እናንተም ከምትሠሩበት ጓሮ፣ አረም ቢመስላችሁም፣ ሳትጠይቁ አንዲት ቅጠል እንዳትቆርጡ። በትንሽ ነገር ሌባ ተብላ ፖሊስ ጣቢያ ያደረች እህት እዚህ መካከላችን አለች። ብትችሉ ፈቃዱን በስልክ መልእክት አስጽፉት።

ቤቱን የምንለቅበት ቀን ከመጣም እያንዳንዳችን በእርጎ ዕቃ አንድ አንድ ቁራጭ ይዘን እንወጣለን፤ ሲሚንቶ ይህን አይሆንልንም።

የመጋቢት የመጀመሪያው እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እንጀምር። አካፋ አንድ ብቻ ነው ያለን። አሮጌ ማንኪያና ጓንት ያላችሁ አምጡ፤ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።