አሮጌው ማሽን ለምን ይሻለናል

(በመቱ በተካሄደው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ እንጨት ሥራው ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በብየዳ ነው፤ የአንዳንዶቻችሁ የግቢ በር የእጄ ሥራ ነው። ወደ እንጨት የተሻገርኩት ብረት ጠልቼ አይደለም። የላሜራና የቱቦላሬ ዋጋ ሲወደድ ደንበኛው በሩን ለከርሞ ያቆየዋል፤ እኔ ደግሞ ለከርሞ መቆየት አልችልም፣ ልጆች አሉኝ። በዚያው ሰሞን ቀፎ የሚያሠሩ ሰዎች ወደ ሱቄ መምጣት ጀመሩ። ለካ የሚፈልጉት የብረት ማቆሚያውን ብቻ ሳይሆን ሣጥኑንም ነበር።

በእኛ አገር ማር ከዛፍ ላይ ከጋጉራ ነው የሚወርደው፤ ዛፍ መውጣት ደግሞ የወንድ ሥራ ተደርጎ ኖሯል። ባለ ፍሬሙ ቀፎ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ሴት ከጓሮዋ ሳትወጣ ልትይዘው ትችላለች። ይሁን እንጂ ይህ ቀፎ ልክ ይፈልጋል። ንብ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ስታገኝ መተላለፊያ አድርጋ ትተወዋለች። ከዚያ ከጠበበ በሙጫዋ ትደፍነዋለች፣ ከሰፋ ደግሞ ሰፈፍ ትሠራበታለች፤ ያን ጊዜ ፍሬሙን ሳይሰብሩ ማውጣት አይቻልም። ላንግስትሮዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን እ.ኤ.አ. በ1851 ካስተዋለ ወዲህ ባለ ፍሬም ቀፎ የሚሠራው ይህን ክፍተት ጠብቆ ነው። በእጅ መጋዝና በእጅ መላጊያ አንድ ቀፎ በልኩ ማውጣት ይቻላል። ሃምሳ ቀፎ ሲታዘዝ ግን አይሞከርም። ማሽን የፈለግነው ለዚህ ነው።

እኔና ሁለት የቁጠባ ቡድኔ እህቶች የገዛነው ማሽን መላጊያውና መጋዙ በአንድ አካል ላይ ያሉበት ነው። ዓመታት በሰው ግቢ ቆርቆሮ ለብሶ ቆሟል። የዋጋው ነገር ብዙ ያስጠይቃችኋልና ልንገራችሁ፤ የተመሳሳዩን አዲስ ማሽን ሲሶ አልሞላም። ሲጫን ስምንት ሰው ነው ያነሣው። አንዱ ጎረቤቴ «እህቴ፣ ለቁራሌው ነው የገዛሽው?» ብሎኛል።

ሰሌዳው ላይ የቀረው ጽሑፍ ጣሊያንኛ ነው። ይህ ሊያስፈራን አይገባም፤ የእኛም የሥራ ቋንቋ ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው። ፒያላ፣ ቺንጋ፣ ፑሌጃ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሞርሳ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የቀሩልን ቃላት ናቸው። ወፍጮ ቤት የምትሠሩ እህቶች እነዚህን ከእኔ እኩል ታውቃላችሁ። ወፍጮ ምንድን ነው? ሞተር፣ ቺንጋ፣ ፑሌጃ፣ ዘንግና ኩሽኔታ ነው። መላጊያውም ያው ነው፤ በድንጋዩ ቦታ ምላጭ ገባበት እንጂ።

ከመግዛቴ በፊት ቀለሙንና ዝገቱን አላየሁም። ዝገት በላምባ፣ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይወጣል፤ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብናል፣ እሱም ቡና እየተፈላ ነው። ያየሁት አካሉ የተሰነጠቀ መሆን አለመሆኑን ነው። የእነዚህ ማሽኖች አካል ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ወፍራም ብረት ነው፤ እንደ ተራ ብረት አይበየድም። በኒኬል ኤሌክትሮድ፣ አስቀድሞ በእሳት ተሞቆ፣ ከተበየደም በኋላ በአመድ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ከጎኑ እንደገና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ስንጥቁ ጠረጴዛውን ወይም የዘንጉን መቀመጫ የያዘ ከሆነ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይቅርብን። ሁለተኛ ምላጩን የሚይዘውን ዘንግ አየሁ። ክብ ከሆነ ደግ ነው። በጣም የቆዩት ባለ አራት ማዕዘን ናቸው፤ እነሱ ጣት ሲያገኙ ጠርዝ ብቻ ቆርጠው አይተዉም፣ እጅን ወደ ውስጥ ይስባሉ። በብዙ አገር ከተከለከሉ ቆይተዋል፤ በነጻም ቢሰጡን አንቀበል።

ኩሽኔታዎቹ አልቀው ነበር። ይህ ቀላሉ ነው፤ ጎኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የትም አገር አንድ ነው። 6205 የሚል ከሆነ የመጨረሻዎቹን 05 በ5 ስታባዙ 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የዘንጉ ውፍረት ነው። 6306 ከሆነ 30። ቁጥሩን በወረቀት ይዞ መሄድ ነው፤ የፋብሪካው ስም አያስፈልግም። የተበላውን ዘንግ ቶርኖ ቤት አስተካክለውልናል።

ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፣ ቤታችን የገባው መብራት ግን ባለ አንድ ፌዝ። ብዙ ሰው አሮጌ ማሽን የሚሸሸው በዚህ ነው። ሰሌዳው ላይ 220/380 የሚል ከተገኘ በዴልታ አገናኝቶ በካፓሲተር ማስነሳት ይቻላል፤ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉ ይቀንሳል እንጂ ይሠራል። የእኛን እንዲህ ያስነሣችው የኤሌክትሪክ ሙያ የተማረች የማኅበራችን ልጅ ናት። ለጊዜው ለቀፎ ሳንቃ በቅቶናል፤ መጋዙን ወፍራም ባህር ዛፍ ስናበላው ግን ያቃስታል። ሦስት ፌዝ ስናስገባ ደግሞ ከሦስቱ ገመድ ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ ሞተሩ ወደ ኋላ እንደሚዞር አትርሱ። ምላጩም ቺንጋውም ሳይገባ አቅጣጫው ይታይ።

ስለ ዝናባችን ለእናንተ አልነግራችሁም። ጎሬ በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚወርድባቸው ቦታዎች አንዷ ናት፤ መቱም አታንስም። የጸዳ ብረት አንድ ሌሊት ሳይሸፈን ቢያድር ጠዋት ቀይ ነው። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዘይት አልገዛንም። የማር ሴቶቻችን የሚያወጡትን ሰም ለብ አድርገን ጠረጴዛውን እንቀባዋለን፣ ከዚያ በጨርቅ እንወለውላለን። ዝገት ይከላከላል፣ ሳንቃውም ያለ ችግር ይንሸራተታል።

የእንጨቱ ጉዳይ ከማሽኑ ይከብዳል። ሁሉም ሰው ዋንዛ ይለናል፤ ዋዴሳ ለላጊ ቅቤ እንደሆነ አልክድም። ግን ዋንዛ የቡናችን ጥላ ነው፣ አበባው የንባችን ምግብ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ለንብ ቤት ለመሥራት የንብን ዛፍ መጣል አይገባኝም። እኛ የምንሠራው በሰው ማሳ ከተተከለ ግራቪሊያና ከባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ እርጥብ ከተላገ በሳምንቱ ይጠመዘዛል፤ ስለዚህ ሳንቃው በመካከሉ ዘንግ እየገባ፣ ከላይ እየተሸፈነ፣ ከጎን ነፋስ እያገኘ ወራት መቆየት አለበት። ደንበኛ ቸኮለ ተብሎ እርጥብ መላግ የለም።

ከሱቁ በር ላይ ነጠላና ሻሽ የሚሰቀልበት ምስማር መትተናል። ማንም ነጠላ ለብሳ አትገባም። ጓንትም ቢሆን ከሚሽከረከር ምላጭ አጠገብ አይፈቀድም፤ ጨርቁን ሲይዝ እጅን አስከትሎ ይወስዳልና። አፍና አፍንጫ ይሸፈናል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መካከል መድቦታል። ስለዚህ በሱቁ ሕፃን አዝሎ መሥራት ከልክለናል። አንዳንዶቻችሁ እንዳልተደሰታችሁ አውቃለሁ፤ የልጆች ማቆያው ጉዳይ ዛሬ ከሰዓት አጀንዳ ላይ ስላለ እዚያ እንጨርሰው።

አሁን ለድጋፍ አድራጊዎቻችን። አዲስ ማሽን ልትገዙልን እንዳሰባችሁ ሰምተናል፤ እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን በተመደበው ገንዘብ የሚመጣው ቀላሉ ዓይነት ነው። ጠረጴዛው ስስ ነው፣ ከባድ እንጨት ሲያገኝ ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ያ የ9 ሚሊ ሜትር ልክ አይገኝም። አንድ ነገሩ ሲሰበር መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ መሄድ ነው፣ 600 ኪሎ ሜትር። ገንዘቡ ሁለት አሮጌ ከባድ ማሽን ገዝቶ ያድሳል፤ ከተረፈው ላይ ምላጭ፣ ኩሽኔታ፣ የሦስት ፌዝ ማስገቢያና የስድስት ሴቶች የሥልጠና ወጪ ይሸፈናል። በሥልጠናው ራሳቸው ማሽኑን ፈትተው ያድሱት። የፈታችውን ሴት ማሽኑ ሲቆም አያስደነግጣትም። የታደሰ ማሽን ለፎቶ እንደ አዲሱ እንደማያምር አውቃለሁ፤ ቀለም እንቀባዋለን።

አባላት ደግሞ ከቁጠባችን ለዚሁ ሥራ የሚበደረውን ድርሻ ዛሬ በእጅ ብልጫ እንድትወስኑ እጠይቃለሁ። ሳታዩ አትወስኑ። ከምሳ በፊት ሱቁ ክፍት ነው፣ ማሽኑም ይነሣል። ነጠላችሁን ምስማሩ ላይ ሰቅላችሁ ግቡ።