«ኤ» ሲበዛ

እሷ፦ ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ከሰጠው ውጤት 60 በመቶ ገደማው «ኤ» ነበር። ከዚያ 20 ዓመት በፊት ሩብ ያህል ነበር። ደረጃው ወርዷል ማለት ነው!

እሱ፦ ቆይ እንጂ! ቁጥሩ የነገረሽ የ«ኤ»ን መብዛት ነው፤ ምክንያቱን አይደለም። ተማሪዎቹ ጎብዘው ቢሆንስ?

እሷ፦ በምን አወቅህ? «በውጤታቸው» እንዳትለኝ ብቻ!

እሱ፦ (ይስቃል) እሱማ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። የ2005ቱን ፈተና ለዛሬዎቹ ሰጥቶ፣ ስም ሸፍኖ ማረም ነው።

እሷ፦ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ እኮ እ.ኤ.አ. በ2004 «ኤ» ከ35 በመቶ እንዳያልፍ መመሪያ አውጥቶ፣ በ2014 ተወው።

እሱ፦ ኮታ የሚያስኬደው ውጤት ተማሪን ከተማሪ ማበላለጫ ከሆነ ነው። ትምህርቱን ማወቅን መመስከሪያ ከሆነ ግን፣ አርባው ተማሪ ካወቀ አርባውም «ኤ» ይገባዋል። ተከራካሪዎቹ በአንዱ ትርጉም ይጀምሩና በሌላው ይደመድማሉ።

እሷ፦ ቀጣሪውስ በምን ይለያቸው?

እሱ፦ ጥሩ ጥያቄ! ግን የቀጣሪ መቸገር ለተማሪ ስንፍና ማስረጃ አይሆንም።

እሷ፦ ይሁን። በ20 ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ የጎበዘ ትውልድ ግን እኔን አያሳምነኝም።